የሲልቨር ስፕሪንጉ ቢጫ ኬክ አዲስ አበባ ላይ ለምን ሰመጠ?

ትእዛዙ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈቶ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ኬክ የሚጋግሩ ሰዎች ሥራ የሚበዛባቸው ጊዜ ላይ ማለት ነው። ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለክረምት የመጣች ቤተሰብ አለች። ልጇ 10 ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልደቱ ደግሞ ቅዳሜ ይውላል። ልጅቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ በየዓመቱ የሚሠራላትን ቢጫ ኬክ፣ ባለ ሁለት ንብርብር፣ መሃሉና ዙሪያው ቸኮሌት ክሬም የተቀባ። ከኬክ ቤት የሚገዛ ቶርታ አትፈልግም።

እናትየው የአሠራሩን ወረቀት፣ ሁለት ክብ መጋገሪያ፣ የአሜሪካ መለኪያ ኩባያና ማንኪያ፣ እንዲያውም ኦቭን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር በሻንጣዋ ይዛ መጥታለች። ሥራውን የተቀበለችው ሰፈራችን ውስጥ በትእዛዝ የምትጋግር ጎረቤቴ ናት። እጇ የተመሰከረለት ነው። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሬያት ነበርኩ፤ ሚዛኑንም ማስታወሻውንም ይዤ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሳምንት ታሪክ ነው። በዝርዝር የምጽፈው ከውጭ የመጣ የኬክ አሠራር ሞክረው “እጄ ለኬክ አይሆንም” ብለው የተዉ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው። እጃቸው ምንም አልሆነም።

በመጀመሪያ ስለ ኬኩ። ቢጫ ኬክ አሜሪካኖች ቤት ውስጥ ለልደት ከሚጋግሯቸው ኬኮች ዋነኛው ነው ማለት ይቻላል። ነጭ ኬክ የሚሉት በእንቁላል ነጩ ብቻ የሚሠራ ነው። ቢጫው ግን ከነአስኳሉ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ አስኳል ይገባበታል። ቀለሙም፣ ልስላሴውም፣ ጣዕሙም ከአስኳሉና ከቅቤው ይመጣል። ከፍ የሚለው ግን በቤኪንግ ፓውደር ነው። ቤኪንግ ፓውደር ራሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ውጤት ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ በ1843 ሠራው፤ ሚስቱ እርሾ ስለማይስማማት ነበር። እንዲህ ያለ ንብርብር ኬክ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ቤኪንግ ፓውደር በየጓዳው ከገባ በኋላ ነው። ኬኩ ቤኪንግ ፓውደሩ በሚያወጣው ጋዝ ላይ የቆመ ነው ማለት ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው።

ወረቀቱ የሚለው ይህንን ነው፤ ወደ ግራም ቀይሬዋለሁ። ዱቄት 300 ግራም፣ ስኳር 350 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 225 ግራም፣ ሦስት ትልልቅ እንቁላልና ሁለት ተጨማሪ አስኳል፣ ወተት 300 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቫኒላ። ኦቭኑ 350 ፋራናይት፣ በእኛ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። ስኳሩ ከዱቄቱ እንደሚበልጥ ልብ በሉ። ስህተት አይደለም፣ የዚህ ዓይነት ኬክ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ጎረቤቴ ወረቀቱን ቃል በቃል ተከተለች። ቅቤና ስኳሩን በሚክሰር እስኪነጣ መታች፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨመረች፣ ዱቄቱንና ወተቱን እያፈራረቀች አዋሐደች። ሊጡ ያምር ነበር። በ20ኛው ደቂቃ በኦቭኑ መስታወት ሲታይ ኬኩ ከመጋገሪያው አፍ በላይ ወጥቷል። ቤቱም በኬኩ መዓዛ ታውዷል። ትንሽ ቆየና ግን ጠርዙ መፍሰስ ጀመረ። የፈሰሰው ኦቭኑ ወለል ላይ አረረ። በ30ኛው ደቂቃ መሃሉ ገባ። ሲወጣ ዙሪያው የደረቀ፣ መሃሉ የተጣበቀ፣ ከላዩ ሲነካ የሚሰባበር የስኳር ቅርፊት ያለው ነገር ሆነ። ስቴኪኒ ስንሰካበት ሊጥ ይዞ ወጣ።

“እህቴ፣ እዚያ ስሠራው አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም” አለች እናትየው። ደነገጠች። ጎረቤቴም “እኔም ኬክ ሰምጦብኝ አያውቅም፤ ቁጭ በይና እንየው” አለቻት። ይሄ ነው የወደድኩላት። አልተቆጣችም፣ ወደ ሰበብም አልሄደችም።

አንድ በአንድ አየነው። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ቤኪንግ ፓውደሩ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ወዲያው ፈላ፣ አረፋው ከብርጭቆው ሊወጣ ደረሰ። ደህና ነው። ቀጥሎ ኦቭኑ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ማታ ማታ፣ መብራት እያነሰ ኦቭን የሚፈለገው ሙቀት ላይ አልደርስ ይላል። እኛ ግን የጋገርነው ጠዋት ነው፣ ቴርሞሜትሩም 177 አካባቢ ያሳይ ነበር። በሩም መሃል ላይ አልተከፈተም። ዱቄቱ ተራ የፉርኖ ዱቄት ነው፤ አሜሪካኖች ለኬክ ብለው ከሚሸጡት ለስላሳ ዱቄት የበለጠ ፕሮቲን አለው። ይህ ኬኩን ትንሽ ሊያጠነክረው ይችላል እንጂ አያሰምጠውም።

እንቁላሉ ላይ ግን አንድ ነገር አገኘን። ጎረቤቴ ለቀለሙ ብላ የሐበሻ እንቁላል ነበር የተጠቀመችው። ምርጫዋ ትክክል ነው። የአስኳል ቀለም የሚመጣው ዶሮዋ ከምትበላው ነው፤ ቅጠላ ቅጠል እየለቀመች የምትውል ዶሮ አስኳሏ ደማቅ ይሆናል። በመኖ ብቻ ከሚያድጉት የፈረንጅ ዶሮዎች ብዙዎቹ አስኳላቸው የገረጣ ነው። በገረጣ አስኳል ቢጫ ኬክ አይወጣም፣ ክሬም ቀለም ያለው ነገር ነው የሚወጣው። ችግሩ መጠኑ ነው። አሜሪካኖች ትልቅ የሚሉት እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ይሆናል። የእኛዎቹን ስንመዝናቸው 35 ግራም አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ከጠየቀው እንቁላል ሲሶ ያህሉ ገና ከመነሻው ጎድሎ ነበር። እንቁላል ደግሞ ኬኩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ምሰሶ ነው።

ይህ አንዱን ክፍል ያብራራል። መፍሰሱን ግን አያብራራም። ኬኩ ከሚገባው በላይ ነበር የወጣው።

ፍንጩ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከጎረቤቴ ከራሷ። እሷ ለዓመታት የምትሠራው ማርብል ኬክ አለ፤ ወድቆ አያውቅም። አሠራሩን ወረቀቱ አጠገብ አድርገን ስናየው ስኳሩ ከዱቄቱ በጣም ያንሳል፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ግማሽ ያህል ነው። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት “እየሠራሁ እየቀነስኩ መጣሁ” አለችኝ። ሁለተኛው ፍንጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የእናትየው ባል እቤት ከነበረው የካርቶን ኬክ ዱቄት ጀርባ ፎቶ አንስቶ ላከ። ከታች በትንሹ ለከፍታ ቦታ የተለየ መመሪያ ተጽፎበታል። ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ ለሚኖር ሰው ዱቄትና ውኃ ጨምር ይላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጫማ ሲሰላ ከ7,700 ይበልጣል። የአሜሪካው ካርቶን ከፍታ ብሎ ከሚያስበውም በላይ ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ከእኛ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ለሚኖር ጓዳ ነው።

ይህ ለኬክ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ልቆይበት። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ የሚገፋው ነገር ስለሚያንሰው ከዚያ ይልቅ እዚህ በሲሶ ገደማ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ያው ሁለት ተኩል ማንኪያ እዚህ ከሦስት ማንኪያ በላይ ያህል ይሠራል ማለት ነው። አረፋዎቹ ቶሎ ያብጣሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ ይፈነዳሉ። ኬኩ የወጣውና የፈሰሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ውኃው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ኬክ ውስጥ ደግሞ እርጥበት እስካለ ድረስ የመሃሉ ሙቀት ከመፍያው ነጥብ ብዙም አያልፍም። ኦቭኑ 177 ይሁን 200፣ መሃሉ ጣሪያ አለው። እዚህ ጣሪያው ዝቅ ብሏል።

ሦስተኛው ስኳሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ስኳር የዱቄቱ ስታርች የሚጠናከርበትን፣ እንቁላሉም የሚረጋበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ስኳር የበዛበት ሊጥ ለመቆም ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ከላይ ከፍታው ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋል፣ ከታች ስኳሩ የሚፈለገውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ክፍተቱ ጠበበ። በዚያ ላይ ውኃው እዚህ ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር ሊጡ ውስጥ የበለጠ ይወፍራል። ጋዙ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ኬኩ ገና አልቆመም። መሃሉ ገባ።

እነዚህን ነገሮች አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር አካባቢ ያሉ ሰዎች በደንብ ያውቋቸዋል። ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ለከፍታ ቦታ ጋጋሪዎች የማስተካከያ መመሪያ ያዘጋጃል። ዴንቨር ግን 1,609 ሜትር ላይ ናት። ለሐዋሳና ለባሕር ዳር ትቀርባለች እንጂ ለእኛ አይደለም።

በማግስቱ ጎረቤቴ አንድ ነገር ብቻ ቀየረች። እንቁላሉን በሚዛን ካሟላች በኋላ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሁለት ማንኪያ አወረደችው። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ እንቀይር ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የትኛው ምን እንደሚያደርግ ካላየሁ ለሌላ ጊዜ አይጠቅመኝም አለች። ልክ ነበረች። ኬኩ አልፈሰሰም፣ መሃሉ ግን አሁንም ጎድጉዷል። ቤኪንግ ፓውደር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ስኳሩ ካልተነካ እንደማይቆም በዓይናችን አየን።

የመጨረሻው መጋገር ሐሙስ ላይ ዋለ። ሐሙስ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ረቡዕ ጾም ነው፣ ዓርብም ጾም ነው። የሚቀመስ ነገር በሐሙስ ነው መሠራት ያለበት። የሠራችው መጠን ይህ ነው። ዱቄት 330 ግራም፣ ስኳር 300 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 200 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ወተት 360 ሚሊ ሊትር፣ አራት የሐበሻ እንቁላል ከነነጩና አራት ተጨማሪ አስኳል፣ ጨውና ቫኒላው እንደነበረ። በሚዛን ሲታይ እንቁላሉ 195 ግራም ያህል ሆነ። ኦቭኑን ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አደረገችው፤ ኬኩ ጋዙ ሳያመልጥ ቶሎ እንዲቆም ነው። መጋገሪያዎቹን ከግማሽ በላይ አልሞላቻቸውም። ቅቤና ስኳሩንም እንደ መጀመሪያው ቀን ብዙ አልመታችውም፤ እዚያ የሚገባው አየርም ከፍታው ሲያገኘው ያብጣልና።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ልጨምር። ሐምሌ ላይ ጓዳው ይቀዘቅዛል፤ ቅቤው ማቀዝቀዣ ሳይገባ እንኳ ድንጋይ ነው። ጎረቤቴ ቅቤውን ማታውኑ አውጥታ አሳደረችው፣ እንቁላሉን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆየችው፣ ወተቱም ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ አልነበረም። ቀዝቃዛ እንቁላል ለስላሳ ቅቤ ላይ ሲገባ ቅቤው ይጨማተራል፣ ሊጡም የተቆራረጠ እርጎ ይመስላል። ከፍታን በሂሳብ አሸንፎ በዚህ መሸነፍ ያናድዳል።

በ22ኛው ደቂቃ ስቴኪኒ ተሰካ፤ ገና ነበር። በ26ኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ኬኩ ከላይ በመጠኑ ብቻ የጎበጠ፣ በጣት ሲነካ ተመልሶ የሚነሳ። አልሰመጠም። እናትየው አጨበጨበች። ከላይ ትንሽ ጎበጥ ያለውን ጎረቤቴ በረጅም ቢላ ቆረጠችውና የቆረጠችውን ሁላችንም እዚያው ቆመን በላነው። ውስጡ ቢጫ ነው፣ ደማቅ፣ የሐበሻ አስኳል ቢጫ። ሁለቱን ንብርብር በፕላስቲክ ጠቅልላ አሳደረቻቸው። ያደረ ኬክ ሲቆረጥም ሲቀባም አይፈረፈርም።

ክሬሙ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ያልተጋገረና ያልፈላ ክሬም ከፍታ አያውቅም። የገበታ ቅቤ 225 ግራም፣ የዱቄት ስኳር 350 ግራም፣ ካካዎ 70 ግራም፣ ወተት 90 ሚሊ ሊትር፣ ቁንጥር ጨው። ሁለት ነገር ግን መባል አለበት። ቅቤው የገበታ ቅቤ መሆን አለበት፤ የሐበሻ ቅቤ ሽታው ቸኮሌቱን ይበላዋል። ካካዎው ደግሞ ደረቁን አይገባም። ጎረቤቴ በትኩስ ወተት ለወሰችውና እስኪበርድ ጠበቀች። እንዲህ ሲሆን የካካዎው ጣዕም ይወጣል፣ ክሬሙም አይጎረብጥም። ሳይበርድ ቅቤው ላይ ከተደረገ ግን ቅቤውን ያቀልጠውና ነገሩ ሁሉ መረቅ ይሆናል።

ክሬሙ የተመታው ዓርብ ማታ ስለሆነ መቅመስ አልተቻለም። ጎረቤቴ ጣቷን እንኳን አላስነካችም። የማይጾም አንድ ጎረቤት ተጠርቶ ቀመሰና “ጨው ትንሽ ጨምሪበት” አላት። ጨመረች። መጀመሪያ ስስ አድርጋ ዙሪያውን ቀባችና ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው፤ ፍርፋሪው እዚያው ተይዞ ይቀራል። ከዚያ ወፍራሙን በላዩ ደረበች። ከክሬሙ ሲሶውን ለመሃሉ አስቀርታ ነበር።

ቅዳሜ ሲቆረጥ ሁለቱ ቢጫ ንብርብሮች እኩል ነበሩ። ልጅቷ ቁራሹን ወደ ጎን አዙራ አየችና “አንቲ፣ ልክ የኛ ነው” አለቻት። እናትየው ግን በጥንቃቄ ቀምሳ እውነቱን ተናገረች፤ እዚያ ከሚሠራው በመጠኑ ጠበቅ ይላል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል። ትክክል ናት። ስኳርና ቅቤ ሲቀነስ ልስላሴ አብሮ ይሄዳል። የቤቱ ትልልቅ ሰዎች በበኩላቸው ጣፋጭነቱ ያልበዛው ይሻላል ብለው ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ። ክሬሙ ግን ለእነሱ ከበዳቸው፤ ከቡና ጋር ነው የወረደላቸው።

ይህንን ሂሳብ እንዳለ ወስዶ ሌላ ከተማ መጋገር አይቻልም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ እዚያ ቤኪንግ ፓውደሩን ሁለት ማንኪያ አድርጎ፣ ስኳሩን ከ20 እስከ 30 ግራም ብቻ ቀንሶ መጀመር ይሻላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወረቀቱ ብዙም ሳይነካ ሊሠራ ይችላል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር አያንስም፣ ከአዲስ አበባውም በላይ መቀነስ ይፈልጋል። የተስተካከለውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዞ መመለስም አይሆንም። እዚያ ቤኪንግ ፓውደሩ ያንሰዋል፣ ኬኩም ሳይነሳ ይቀራል። እናትየው ሁለት ወረቀት ይዛ ነው የሄደችው፣ በላያቸው የከተማቸው ስም ተጽፎ።

ጎረቤቴ አሁን የፍልሰታ ትእዛዝ ላይ ናት። የጾም ኬክ እንቁላልም ቅቤም የለውም። በዘይትና በውኃ ነው የሚሠራው። የሚያቆመው እንቁላል ስለሌለ ስኳሩን ከዚህም በላይ ቀንሳዋለች፤ በሁለት ክብ ንብርብር ፋንታም ዝቅ ባለ ሰፊ መጋገሪያ ትጋግረዋለች። መሃሉ ቶሎ ይበስልላታል። ቢጫነቱን በምን እንደምታመጣው ስጠይቃት እርድ ሞክራ ሽታው እንዳልጣማት ነገረችኝ። አሁን ካሮት ቀቅላና ፈጭታ እየሞከረች ነው።